ክረምቱ ሳይገባ፦ የግቢያችሁን ኮንክሪት ከዝናብ ጉዳት ማዳኛ መመሪያ

ፒያሳ፣ አራት ኪሎ ወይም ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ግቢ ያለው ሰው ይህን ነገር በደንብ ያውቀዋል። ግንቦት ላይ ደህና የነበረው የመኪና መግቢያ መስከረም ሲጠባ ተሰንጥቆ፣ ጠርዙ ተበልቶ፣ መሃሉ ሰርጎ ይገኛል። ወዲያው «ሲሚንቶው ነው»፣ «ግንበኛው ጉድ ሠራን» ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የውሃ ነው፤ በተለይ ከኮንክሪቱ ሥር የገባ ውሃ። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከሚቀባ ነገር አይጀምርም። ከውሃው መንገድ ይጀምራል። ገንዘባችሁም በዚያው ቅደም ተከተል ቢወጣ ይሻላል።

ኢንተርኔት ላይ ስለ ኮንክሪት ጥበቃ የሚገኘው ምክር ብዙው በረዶ ለሚከመርባቸው አገሮች የተጻፈ ነው። እዚያ ችግሩ ሌላ ነው። ኮንክሪቱ የጠጣው ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምርና ከውስጥ ይገፋል። በረዶ ለማቅለጥ የሚበተነው ጨው ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ቀን የቀለጠው ውሃ ይሰርጋል፣ ማታ እንደገና ይቀዘቅዛል፣ ይህ ሲደጋገም ላዩ እየተላጠ ይነሳል። ሚኒሶታ ወይም ዴንቨር ያለ ዘመዳችሁ ውሃ የሚከላከል ኬሚካል ቢቀባና በጨው ፋንታ አሸዋ ቢበትን ልክ ነው። በተለይ ገና አንድ የበረዶ ወቅት ያላለፈበትን አዲስ ኮንክሪት ከጨው ቢያርቀው።

እኛ ጋ ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት የቱንም ያህል ቢበርድ ኮንክሪት የሚሰነጥቅ ቅዝቃዜ የለም። የሚወርደው በረዶም ከዝናብ ጋር መጥቶ ወዲያው የሚቀልጥ ነው። የእኛ ጣጣ ሦስት ነው፦ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ፣ ከሥር ያለው አፈርና 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚያቃጥለው ፀሐይ። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ውድ የሚቀባ ነገር ለመግዛት ሱቅ ከመሮጣችሁ በፊት ቀጥሎ ያለውን አንብቡ።

መቼ ይሠራ?

ማፍረስና እንደ አዲስ መሙላት ካለ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ምርጥ ነው። ዝናብ ብዙም የለም፣ አፈሩም ደርቋል። ስንጥቅ መድፈንና ቦይ ማስተካከል መጋቢትና ሚያዝያ ላይም ይሆናል፤ የበልግ ዝናብ መሃል ላይ ሊያቋርጣችሁ እንደሚችል ግን አስቡ። ሰኔ ከገባ በኋላ ቦይ ከመጥረግና አሸንዳ ከማስተካከል ያለፈ ነገር ባትጀምሩ ይመረጣል። በሐምሌ የተቆፈረ መሠረት ገንዳ ነው የሚሆነው።

1ኛ ደረጃ፦ ግቢውን በዝናብ ጊዜ እዩት

ምርመራው ቀላል ነው። ደህና ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡ። ውሃው ከየት መጣ? የት ተኛ? የት ገብቶ ጠፋ? የመጨረሻው ጥያቄ ዋናው ነው። በግድግዳ ጥግ ወይም በስንጥቅ ውስጥ ገብቶ የሚጠፋ ውሃ ከኮንክሪቱ ሥር አፈር እያጠበ ነው። ዝናብ ከሌለ ሁለት ሦስት ባልዲ ውሃ ከላይኛው በኩል ድፉና ተከታተሉት። ውሃ የሚተኛበትን ቦታ ዙሪያውን በከሰል ወይም በጠመኔ አስምሩ።

ከዚያ የብረት ዘንግ ወይም መዶሻ ይዛችሁ በየግማሽ ሜትሩ ቀስ አድርጋችሁ ምቱት። ከሥሩ የተደላደለ ኮንክሪት ደፍን ያለ ድምፅ አለው። ሥሩ የተቦረቦረ ወይም ላዩ የተላቀቀ ግን «ባዶ» ይላል። ጆሯችሁ ወዲያው ይለየዋል። እዚያ ላይ ምልክት አድርጉ።

ስንጥቆቹንም በሦስት ክፈሏቸው። እንደ ፀጉር የቀጠኑት ብዙም አያሳስቡም። ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ የሰፉት መደፈን አለባቸው። ሦስተኛው ዓይነት አንዱ ጎን ከፍ ሌላው ዝቅ ያለበት ነው። እሱ ስንጥቅ ብቻ አይደለም፤ መሬቱ ሰምጧል ማለት ነው። ከላይ ብትደፍኑት በዓመቱ ይመለሳል። የሚያጠራጥራችሁ ስንጥቅ ካለ በሁለቱ ጫፎቹ ላይ በማርከር መስመር አድርጉና ቀኑን ጻፉበት። ከሁለት ወር በኋላ ከመስመሩ አልፎ ከሄደ ሥራውን አላቆመም።

2ኛ ደረጃ፦ ውሃውን ከኮንክሪቱ አርቁ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚገባው ይህ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 100 ካሬ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 3,000 ሊትር ይሆናል፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል ቢሆን 15 በርሜል። ይህ ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊወርድ ይችላል። አሸንዳው ተቀዶ ወይም መውረጃ ቱቦው ተሰብሮ አንድ ቦታ ላይ ከፈሰሰ፣ ምን ዓይነት ኮንክሪት ይችለዋል?

ስለዚህ ከአሸንዳው ጀምሩ። ቅጠሉንና አቧራውን ጥረጉ። የጽድ ወይም የባሕር ዛፍ ቅጠል የሚረግፍበት ቤት ከሆነ ቱቦው አፍ ላይ ወንፊት ሽቦ አድርጉ። መውረጃ ቱቦው ኮንክሪቱ ላይ እንዲተፋ አትተዉት፤ በቱቦ ወይም በቦይ እስከ መውጫው ውሰዱት። ቦታ ካለ ወደ ሮቶ አስገቡት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግቢ ለማጠብ ይሆናችኋል።

ቀጥሎ ተዳፋቱ። የግቢ ኮንክሪት በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ዝቅ ማለት አለበት። 6 ሜትር የሚረዝም የመኪና መግቢያ ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው ከ6 እስከ 12 ሴንቲ ልዩነት ይኑረው ማለት ነው። ይህን በዓይን አትገምቱ። ግንበኞች የሚጠቀሙበት ውሃ የተሞላ ቀጭን ነጭ ጎማ በቂ ነው። አንዱን ጫፍ በላይኛው በኩል፣ ሌላውን በታችኛው በኩል ይዛችሁ የውሃውን ልክ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉና ከምልክቱ እስከ ወለሉ ለኩ፤ የሁለቱ ልኬት ልዩነት ተዳፋቱ ነው። ተዳፋቱ ከቤቱ ወደ ውጭ መሆን አለበት። ግልጽ ነገር ይመስላል፤ ግን ወደ ቤቱ መሠረት የሚወርድ ስንት ግቢ አለ!

የመሃል ከተማው አቀማመጥ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለው። ከእንጦጦ ወደ ታች ከተማው ተዳፋት ነው፤ ውሃው እንደ ቀበናና ግንፍሌ ወዳሉ ወንዞች ይሮጣል። ግቢያችሁ ከመንገዱ ዝቅ ያለ ከሆነ የመንገዱ ውሃ በበሩ በኩል ይገባል። እዚያ ላይ የግቢውን ኮንክሪት ማጠንከር ብቻውን ዋጋ የለውም። ከበሩ ሥር ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ፣ ላዩ በብረት ፍርግርግ የተሸፈነ ቦይ ሥሩ። ስፋቱ አካፋ ወይም እጅ የሚያስገባ ይሁን፤ ካልሆነ ማን ያጸዳዋል? ፍርግርጉም የሚነሳ እንጂ የተበየደ አይሁን።

ሁለት ነገር አታድርጉ። የዝናብ ውሃውን ከሽንት ቤት ጉድጓድ ወይም ከፍሳሽ መስመር ጋር አታገናኙ፤ በትልቅ ዝናብ ወደ ላይ ይመለስባችኋል። ደግሞም ለመኪና መወጣጫ ብላችሁ በመንገዱ ዳር ያለውን ቦይ በኮንክሪት አትድፈኑ። ውሃው ሲዘጋበት ወይ የጎረቤት ግቢ ይገባል፣ ወይ ተመልሶ እናንተው ጋ ይመጣል። ቱቦ አሳልፎ ወይም የሚነሳ ክዳን አድርጎ መሥራት ይቻላል፤ መንገዱ የእናንተ ስላልሆነ ግን አስቀድማችሁ ወረዳውን ጠይቁ።

3ኛ ደረጃ፦ ማጽዳት

ይህ አጭር ነው። በጠንካራ ብሩሽና በኦሞ ውሃ እሹት። አረንጓዴ አንሸራታች ነገር ከያዘ አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ በጥብጣችሁ አፍስሱ፣ ሩብ ሰዓት አቆዩ፣ እሹት፣ በብዙ ውሃ እጠቡ። በረኪናን ከአሲድ ጋር በጭራሽ አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። አሲዱንም ብቻውን ቢሆን ለኮንክሪት አልመክርም። ቆሻሻውን ሲያነሳ ሲሚንቶውንም አብሮ ይበላል።

የሞተር ዘይት ከፈሰሰ መጀመሪያ ሰጋቱራ ነስንሱበት። ሌሊቱን ሲመጥ ያድርና ጠዋት ይጠረግ። ከዚያ ኦሞውን እንደ ሊጥ አድርጋችሁ ለጥፉበትና እሹት።

በስንጥቅ ውስጥ የበቀለ ሣር ለማድረቅ «ጨው ነስንሱበት» የሚል አይጠፋም። አትስሙት። ጨው ከውሃ ጋር ወደ ውስጥ ገብቶ ፌሮውን፣ ማለትም በኮንክሪቱ ውስጥ ያለውን ብረት፣ ያዝገዋል፤ የዛገ ብረት ያብጥና ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቃል። በረዶ ያለበት አገር ከሚሠራው ጥፋት አንዱን እዚህ በገዛ እጃችን መጥራት ነው። ሣሩን ከነሥሩ ንቀሉና ስንጥቁን ድፈኑ።

4ኛ ደረጃ፦ ስንጥቅና ቀዳዳ መድፈን

ስንጥቁን በመሮና በመዶሻ ወይም በግራይንደር ወደ 1 ሴንቲ አስፉት፤ ጥልቀቱም 2 ሴንቲ ያህል ይሁን። ማስፋት ተቃራኒ ሥራ ይመስላል። ግን ቀጭን ስንጥቅ ላይ ከላይ የተለጠፈ ሲሚንቶ የሚይዘው ነገር ስለሌለው ሳምንት ሳይሞላው ይነሳል። አቧራውን በሽቦ ብሩሽ አንሱ። ኮምፕሬሰር ያለው ጎሚስታ ቅርብ ከሆነ በአየር ቢነፋ ከሁሉም ይበልጣል።

አሁን መምረጥ አለባችሁ። ስንጥቁ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ማለትም ምልክት ካደረጋችሁበት ወዲህ ካደገ ወይም ኮንክሪቱ ከግድግዳ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ከሆነ፣ የሚለጠጥ ነገር ያስፈልገዋል። በመሙያ ጠመንጃ የሚሞላው ፖሊዩሪቴን የሚባል እንደ ጎማ የሚለጠጥ መድፈኛ ጥሩ ነው፤ ስንጥቁ ደረቅ መሆን አለበት። አቅም ካልፈቀደ ሬንጅ ይሠራል፤ ፀሐይ ስለሚያደርቀው ግን በየዓመቱ መታየት አለበት። የቆመ ስንጥቅ ከሆነ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ የተነፋ አሸዋ በቂ ነው።

የሲሚንቶ ጥገና የሚሳካው በዝግጅቱ ነው። ቦታውን ከቀድሞው ቀን ጀምራችሁ አጠጡት። በሥራው ሰዓት ኮንክሪቱ እርጥብ ይሁን፣ ላዩ ላይ ግን የቆመ ውሃ አይኑር። ሲሚንቶና ውሃ ብቻ ወፈር አድርጋችሁ በጥብጡና በብሩሽ ቀቡት። እሱ ሳይደርቅ ድፍኑን ሙሉ፤ ከደረቀ ማጣበቁ ቀርቶ ማላቀቂያ ይሆናል። ለተቦረቦረ ቦታ ደግሞ ጠርዙን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ቢያንስ 2 ሴንቲ ተኩል ይጠልቅ። ወደ ዳር እየሳሳ የሚያልቅ ልጥፍ ከጠርዙ ጀምሮ ይፈረፈራል። ሲያልቅ እርጥብ ጆንያ ጣሉበትና ለሳምንት እርጥብ አድርጋችሁ አቆዩት።

5ኛ ደረጃ፦ የሰመጠውን አፍርሶ መሥራት

«ባዶ» የሚል ድምፅ የሰጠና የሰመጠ ቦታ በልጥፍ አይድንም። ብዙ የድሮ ግቢዎች ላይ ስታፈርሱ የምታገኙት በድንጋይ ንጣፍ ላይ የፈሰሰ ስስ ሊሾ ነው፤ ለእግር እንጂ ለመኪና አልተሠራም።

አፈሩን እዩት። ጥቁር አፈር ከሆነ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ከላዩ ያለውን ኮንክሪት በየዓመቱ ያነሳዋል፣ ያወርደዋል። የቻላችሁትን ያህል አውጡትና በሰሌክት (ለመሙያ በተመረጠ፣ በማያብጥ አፈር) ተኩት። ሰሌክቱን ከ15 እስከ 20 ሴንቲ በሆነ ንብርብር እያደረጋችሁ፣ ትንሽ እያረጠባችሁ ደቅድቁ። ኮምፓክተር (የመደቅደቂያ ማሽን) በቀን ኪራይ ይገኛል። ሁሉንም አንዴ ሞልቶ ከላይ መደቅደቅ ራስን ማታለል ነው፤ የታችኛው ልል ሆኖ ይቀራል። በዚያ ላይ ጠጠር፣ በጠጠሩ ላይ ላስቲክ ይነጠፋል።

ለቤት መኪና ውፍረቱ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ይሁን። የውሃ ቦቴ ወይም አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ የሚገባበት ከሆነ ከ15 ሴንቲ አትውረዱ። ባለ 8 ሚሊ ፌሮ በየ20 ሴንቲው በሁለት አቅጣጫ ይታሰርና በስፔሰር (ብረቱን ከመሬት ከፍ አድርጎ በሚይዝ ትንሽ ድጋፍ) ይነሳ። መሬት ላይ የተኛ ብረት ምንም አይሠራም። «ስንሞላ ወደ ላይ እንስበዋለን» ይሏችኋል፤ አይስቡትም።

አሸዋውን በባዶ ሃይላንድ ፈትኑት። ግማሽ ያህል አሸዋ ጨምሩ፣ ውሃ ሙሉ፣ በደንብ አንቀጥቅጡት፣ ለጥቂት ሰዓታት አቁሙት። ከአሸዋው በላይ ጭቃው ለብቻው ይተኛል። ከ6 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ አሸዋው 10 ሴንቲ ከሆነ ጭቃው ከ6 ሚሊ አይብለጥ ማለት ነው። ከበለጠ ወይ ይታጠብ ወይ ይመለስ።

ድብልቁ 1 ለ 2 ለ 3 ይሁን፦ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር። በአካፋ አትቁጠሩ። 40 በ35 በ25 ሴንቲ የሆነ ሣጥን ካሠራችሁ 35 ሊትር ይይዛል፤ የአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ልክ ነው። ለአንድ ከረጢት ሁለት ሣጥን አሸዋ፣ ሦስት ሣጥን ጠጠር። ውሃው 25 ሊትር አካባቢ፣ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ደግሞ ከዚያ ያነሰ። 3 ሜትር በ6 ሜትር ሆኖ 12 ሴንቲ ለሚወፍር መግቢያ 8 ኩንታል አካባቢ ሲሚንቶ ይዘጋጅ።

ውሃው ላይ ቁሙ። እውነቴን ነው፣ ጄሪካኑን እናንተ ያዙት። ሠራተኛው ድብልቁ እንዲቀልለው ውሃ መጨመር ይወዳል፤ ጉልበቱ ስለሆነ አይፈረድበትም። ግን የበዛው ውሃ ሲተን ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፣ ጥንካሬውም አብሮ ይወርዳል።

ላዩን ስትጨርሱ ሁለት ልማድ ይቅር። አንደኛው ኮንክሪቱ ያወጣው ውሃ ገና ላዩ ላይ እያለ ማለስለስ ነው። ሁለተኛው ውሃውን ለመምጠጥና እንዲያብረቀርቅ ደረቅ ሲሚንቶ መነስነስ። ሁለቱም ከላይ ስስ፣ ደካማ ልጣጭ ይፈጥራሉ፤ ሐምሌ ላይ የሚላጠው እሱ ነው። ደግሞም እርጥብ ሲሆን ያንሸራትታል። ውሃው እስኪጠፋ ጠብቁ፣ ደልድሉት፣ ከዚያ በመጥረጊያ በተዳፋቱ አግድም ጫር አድርጉት። አያምርም የሚል ካለ ዝናብ ላይ ይሂድበት።

ኮንክሪት መሰንጠቁ አይቀርም፤ ስለዚህ የሚሰነጠቅበትን ቦታ እናንተ ምረጡለት። በየ3 ሜትሩ የውፍረቱን ሩብ ያህል ጥልቀት ያለው መስመር አውጡ፤ ለ12 ሴንቲ 3 ሴንቲ። ገና ትኩስ እያለ ይሠራል ወይም በማግስቱ በመጋዝ ይቆረጣል። ከቤቱ ግድግዳና ከበሩ ምሰሶ ጋር በሚገናኝበት ደግሞ 1 ሴንቲ ፎም አስገቡ።

ከዚያ ውሃ ማጠጣት። በኦፒሲ (በተለመደው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ከተሠራ ቢያንስ 7 ቀን፣ በፒፒሲ (ፖዞላና በተቀላቀለበት ሲሚንቶ) ከሆነ ከ10 እስከ 14 ቀን። በጋ ላይ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው፤ ጠዋትና ማታ ረጭቶ መሄድ አይበቃም። ጆንያ አልብሱት፣ ላስቲክ ደርቡበት። ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ሮቶው መሙላቱን አረጋግጡ፤ ፈረቃው ኮንክሪቱን አይጠብቅም። መኪና ከ7 ቀን በፊት አይውጣበት፣ ከባድ መኪና ደግሞ 28 ቀን ይቆይ።

6ኛ ደረጃ፦ የሚቀባው ነገር፣ ከተረፈ ገንዘብ

ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ወዲያው ከመጠጠው መከላከያ ይጠቅመዋል። ስትገዙ ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። ሲሌን ወይም ሲሎክሴን የሚባለው ወደ ውስጥ ሰርጎ ይገባል፤ ውሃ ይመልሳል፣ እርጥበት ግን ያስወጣል፣ መልኩንም አይቀይርም። አክሪሊክ ላዩ ላይ እንደ ቀለም ይተኛል፤ ያብረቀርቃል፣ ያንሸራትታል፣ ከሥር እርጥበት ካለም ይላጣል። ለእኛ ግቢ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ቢያንስ 28 ቀን የሞላው ደረቅ ኮንክሪት ላይ ይቀባ፤ ከጥቅምት በኋላ ያለው ጊዜ ይመቻል። ከሥር የሚመጣ ውሃን ግን አንዱም አያቆምም።

7ኛ ደረጃ፦ ክረምቱ ሲገባ

ቦዩን በየሳምንቱ ክፈቱት። ለመደፈን አንድ ፌስታል ብቻ ይበቃዋል። በረዶ የወረደ ቀን ደግሞ አሸንዳውና ፍርግርጉ ስለሚደፈኑ ቶሎ በአካፋ ጥረጉት። ጨው አያስፈልግም፤ ሻይ ሳትጨርሱ ይቀልጣል። መስከረም ላይ ዘንጉን ይዛችሁ እንደገና ምቱ፣ ምልክት ያደረጋችሁባቸውን ስንጥቆች እዩ፣ የሚፈርስ ካለ ለጥቅምት ሰው ያዙ።

ሰው ስትይዙ

ከግንበኛው ጋር የምትነጋገሩት በካሬ ዋጋ ብቻ አይሁን። ውፍረቱ፣ የፌሮው ርቀት፣ የመስመሮቹ ቦታና ውሃ ማጠጣቱ የማን ሥራ እንደሆነ በወረቀት ይጻፍ። የመጨረሻውን ክፍያ ኮንክሪቱ በተሞላ ማግስት አትስጡ። ውሃ ማጠጣቱ ሲያልቅ፣ ጥቂት ባልዲ ውሃ ከላይ ደፍታችሁ ሁሉም ወደ ቦዩ መውረዱን አብራችሁ ካያችሁ በኋላ ስጡት።